ለማስታወቂያ ስንት ብር እንመድብ?

(ማኅበራችን ለአነስተኛ የአገልግሎት ሥራ ባለቤቶች ባዘጋጀው ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ሒሳብ ሹም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ በስልክና በኢንተርኔት ስለሚደረግ ማስታወቂያ ነው። የማስታወቂያ አሠራር ላስተምር አልመጣሁም፤ ለዚያ ከእኔ ይልቅ ልጆቻችሁ ይበልጣሉ። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ስለ ገንዘቡ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከየት ይወጣል፣ ስንት ይሆናል፣ መቼስ ይቆማል የሚለውን ነው።

በዚህ በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥና ዙሪያ በአገልግሎት ሥራ የሚተዳደረው ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ፍሪጅ የሚጠግነው፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ፀጉር የምትሠራው፣ ልብስ ሰፊው፣ ለድግስ ምግብ የምታዘጋጀው፣ ሶፋና ምንጣፍ የሚያጥበው ሁሉ አለ። ድሮ የአንድ ባለሙያ ስም የሚዞረው ቡና በሚጠጣበት ቤት ነበር። አሁን ግን ሰው ጎረቤቱን ከመጠየቁ በፊት ስልኩን ያወጣል። ባለሙያው ሁሉ «እኔም ፌስቡክ ላይ ቡስት ላድርግ» ቢል አይፈረድበትም። ችግሩ የሚመጣው «ለመሆኑ ስንት ትከፍላለህ?» ሲባል ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «እጄ ላይ ያለችውን» ይሆናል። እጅ ላይ ያለችው ደግሞ ባለቤት አላት። ወይ የቤት ኪራይ ናት፤ ወይ የመለዋወጫ መግዣ ናት፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የእቁብ ናት።

ስለ እቁቡ አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም በሰፈራችን ብዙ ሰው ዕጣው ሲደርሰው ስለ ማስታወቂያ ማሰብ ይጀምራል። ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ገንዘብ ያገኘ ይመስለዋል እንጂ የተቀበለው ወደፊት የሚከፍለውን ነው። ሳምንቱ ሲደርስ ሰብሳቢው «ለመሆኑ ስልክ ተደወለልህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ዋሱም አለ። ማስታወቂያ ግን ምንም ላያመጣ ይችላል። በእቁቡ የፀጉር ማድረቂያ ወይም የስፌት መኪና ቢገዛበት፣ ነገሩ ባይሳካ እንኳ ዕቃው ይቀራል፤ ተሽጦ ዕዳው ይቃለላል። ያለቀ ማስታወቂያ ግን ማን ይገዛዋል? የማስታወቂያ ገንዘብ መውጣት ያለበት ባለፈው ወር ኪራዩ፣ ረዳቱ፣ መለዋወጫው፣ እቁቡና የቤቱ ቀለብ ተከፍሎ ከቀረው ነው። ያልቀረ እንደሆነ በዚያ ወር የሚከፈልበት ማስታወቂያ አይኖርም ማለት ነው።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። ልኩን ለማወቅ ከፌስቡክ አትጀምሩ፤ ከአንድ ደንበኛ ጀምሩ።

ለምሳሌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚጠግን ሰው እንውሰድ። ቁጥሩን እኔ ለምሳሌ ያህል ነው የማስቀምጠው፤ እናንተ የራሳችሁን ትተኩበታላችሁ። ይህ ሰው ለአንድ ጥገና በአማካይ 2,000 ብር ያስከፍላል እንበል። ከዚህ 700 ብር መለዋወጫ፣ 200 ብር ትራንስፖርት፣ 300 ብር ለረዳቱ ይወጣል። 800 ብር ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 2,000 ብሩን ይዞ «500 ብር ለማስታወቂያ ባወጣ ምን አለበት» ይላል። ገንዘቡ ግን 2,000 አይደለም፤ 800 ነው። 800ውም ቢሆን ኪራይ ይጠብቀዋል፤ ልጆች ይጠብቁታል። ስለዚህ አዲስ ደንበኛ ለማምጣት ከ800ው ሩቡን፣ ማለትም 200 ብር ልክፈል ቢል ደግ ነው። ሩብ የሚለውን እኔ ነኝ የመረጥኩት። ኪራዩ የከበደበት ሰው ከዚያ ይቀንስ፤ በቤቱ የሚሠራ ሰው ጥቂት ሊጨምር ይችላል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው የደወለ ሁሉ ያሠራል ወይ ነው። አያሠራም። አንዱ ዋጋ ጠይቆ ይዘጋል፣ ሌላው «ከባለቤቴ ጋር ልምከር» ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ማሽኑ ሳይሆን ፊውዙ ነው የተቃጠለበት። ከአሥር ደዋይ ሦስቱ ቢያሠሩ፣ ለሦስት ደንበኛ 600 ብር፣ ይኸውም ለአንድ ጥሪ 60 ብር ማለት ነው። ይህች 60 ብር ናት ዋናዋ ቁጥር። አንድ ጥሪ ከዚህ በላይ ካስወጣው ለባለ ማስታወቂያው እየሠራ ነው እንጂ ለራሱ አይደለም።

በመጨረሻም ስንት ተጨማሪ ሥራ ይችላል? ከረዳቱ ጋር በቀን ቢበዛ ሦስት ቤት ቢሠሩ፣ በወር 24 የሥራ ቀን ቢሆን 72 ሥራ ነው። ስልሳው ካለ ማስታወቂያ፣ በሰው በሰው የሚመጣለት ከሆነ የቀረው ቦታ 12 ነው። 12 በ200 ሲባዛ 2,400 ብር ይሆናል። እንግዲህ የወሩ ጣሪያ ይህ ነው። አሥር ሺህ ብር ያለው ቢሆን እንኳ ከዚያ በላይ ማውጣት አይገባውም፤ ምክንያቱም የሚመጣውን ሥራ የሚሠራበት ቀን የለውም። «ነገ እመጣለሁ» ተብሎ የቀረበት ደንበኛ ደግሞ ዝም አይልም። እንደምታውቁት በየሕንፃው የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ እዚያው ይጽፈዋል።

ጣሪያው 2,400 ብር ነው ማለት ግን መጀመሪያውኑ 2,400 ይውጣ ማለት አይደለም። 600 ብር አውጥቶ ሁለት ሳምንት ይይ። በአንድ ቀን ምንም ስላልተደወለ መበሳጨት አይገባም፤ በአንድ ቀን አምስት ሰው ስለደወለም ብሩን ማብዛት አይገባም። በ600 ብር አሥር ያህል ጥሪ ከመጣ ሒሳቡ ልክ ነው፤ ይቀጥል። አራት ብቻ ከመጣ ገንዘብ ከመጨመሩ በፊት ሌላውን ነገር ይመርምር።

ከሚመረመረው ዋነኛው ቦታው ነው። ፌስቡክ ማስታወቂያው በየትኛው አካባቢ ላለ ሰው ይታይ ብሎ ይጠይቃል፤ በካርታ ላይ ነጥብ አድርጎ ዙሪያውን በኪሎሜትር መወሰን ይቻላል። ብዙ ሰው «ኢትዮጵያ» ብሎ ያልፈዋል። እንግዲህ መቀሌ ያለ ሰው የጀሞን ቧንቧ ሠራተኛ ማስታወቂያ ቢወድለት ምን ይጠቅመዋል? አዲስ አበባ ብቻ ማለትም ራሱ ሰፊ ነው። ከጀሞ ለቡ፣ መካኒሳና አየር ጤና ቅርብ ናቸው። ከሲኤምሲ ለተደወለ ጥሪ ግን ታክሲውና በመንገድ የሚባክነው ግማሽ ቀን ያችን 800 ብር ይበላታል። ሩቅ የምትሄዱ ከሆነ ዋጋውን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ካልሆነ ክቡን አጥብቡት።

ሌላው፣ ለምን እንደከፈላችሁ ነው። ማስታወቂያውን ስታዘጋጁ ዓላማው ምን እንደሆነ ትጠየቃላችሁ። ብዙ ላይክና ብዙ ዕይታ ከፈለጋችሁ ላይክ ማድረግ የሚወዱ ሰዎችን ፈልጎ ያመጣላችኋል፤ ጥሪና መልእክት ከፈለጋችሁ ደግሞ መደወልና መጻፍ ለሚቀናቸው ያሳያል። የጠየቃችሁትን ነው የሚሰጣችሁ። ላይክ በኪሎ አይሸጥም፤ ስለዚህ ዓላማው ጥሪ ወይም መልእክት ይሁን።

አሁን ደግሞ ስለ ዶላር። ክፍያው የሚቆረጠው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ እኛ በብር ብንመድብም የምንገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ያን ጊዜ 2,400 ብር 42 ዶላር ያህል ይሆን ነበር። ዶላሩ 120 ብር ነው ብለን ብናሰላ ያው 2,400 ብር 20 ዶላር ብቻ ነው። «አምና በዚህ ብር ብዙ ሰው ደውሎልኝ ነበር፣ ዘንድሮ ምን ነካው?» የሚል ሰው ካለ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አምናን ከዘንድሮ ስታስተያዩ ብሩን ሳይሆን ዶላሩን አስተያዩ።

ከእኛ ብዙዎቹ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሌለን የምንከፍለው በሰው በኩል ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በመኖሩ ብሩን ለዚያ ሰው መላኩ ቀሏል፤ ብሩ ከእሱ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ግን ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔ የምለው አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከሰጠሁህ ከ100 ብር ውስጥ ስንቱ ነው ማስታወቂያው ላይ የሚደርሰው?» ሰውየው ለድካሙ ቢወስድ ነውር የለበትም፤ ሠርቷልና። ነገር ግን ድርሻው በቁጥር ይታወቅ። የወጣው ገንዘብ በማስታወቂያው ሒሳብ ውስጥ በቀንና በልክ ተመዝግቦ ይታያል፤ ያንን ስልኩ ላይ ከፍቶ ያሳያችሁ። የማያሳይ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ከገንዘቡም ይልቅ የሚያሳስበኝ ገጹ ነው። ገጹ የተከፈተው በማን ስም ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ደንበኛ የሰበሰበ፣ ፎቶ የተለጠፈበት፣ የምስጋና ቃል የተጻፈበት ገጽ ባለቤቱ አስተዋዋቂው ሆኖ ቢገኝ፣ በተጣላችሁ ቀን ሱቃችሁን ዘግቶ ቁልፉን ይዞ እንደሄደ ቁጠሩት። ገጹ በራሳችሁ ስልክና በራሳችሁ ስም ይከፈት፤ ለአስተዋዋቂው የሥራ ፈቃድ ብቻ ይሰጠው፤ ይህም ከገጹ ውስጥ ይቻላል። እናቶች፣ ልጆቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ።

የቴሌግራም ቻናልን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። የቻናሉ ባለቤት «50 ሺህ ተከታይ አለኝ» ብሎ ለአንድ ልጥፍ ይህን ያህል ይላችኋል። ተከታዩን ተዉትና ከእያንዳንዱ ልጥፍ ግርጌ ካለችው የዓይን ምልክት አጠገብ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ፤ ስንት ሰው እንዳየው የምትናገረው እሷ ናት። ልጥፉ ለስንት ሰዓት ሌላ ሳይደረብበት እንደሚቆይና መቼ እንደሚጠፋም ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ሥራና ሥራ ደግሞ ይለያያል። ቧንቧ የፈነዳበት ሰው ቲክቶክ እያየ ቧንቧ ሠራተኛ አይጠብቅም፤ ወይ የሕንፃውን ግሩፕ ይጠይቃል፣ ወይ ጉግል ላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ለቧንቧ ሠራተኛ፣ ለቁልፍ ሠሪና ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያስፈልገው በጉግል ካርታ ላይ ስሙን፣ ስልኩንና የሥራ ሰዓቱን ማስመዝገብ ነው፤ ይህ ደግሞ ክፍያ የለውም። ይህን ሳያደርጉ ለቡስት መክፈል ለእኔ አይገባኝም። ፀጉር ሥራ ግን ሌላ ነው። የተሠራች ሹሩባ ፎቶ የማሠራት ሐሳብ ያልነበራትን ሴት ታስነሳለች፤ እዚያ ፌስቡክና ቲክቶክ ዋጋ አላቸው።

ፀጉር ቤት ያላችሁ እህቶች ሌላም የምታሰሉት አላችሁ። ማሽኑ የተጠገነለት ሰው ማሽኑ እንደገና እስኪበላሽ አይመለስም፤ እናንተ ዘንድ ግን ደንበኛዋ ከወደደች በየወሩ ትመጣለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሲታይ የማያዋጣ ወጪ በአራተኛው ወር ሊያዋጣ ይችላል። ነገር ግን «ትመለሳለች» ብሎ በተስፋ መመደብ አይደለም። በማስታወቂያ የመጡትን በደብተር ለይታችሁ ጻፉ፤ ከአሥሩ ስንቱ እንደተመለሱ በሦስት ወር ውስጥ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ በጀቱን ማሳደግ ትችላላችሁ።

ወራቱንም እንመልከት። ለማስታወቂያ በየወሩ እኩል ብር መመደብ ለደመወዝተኛ የሚመች አሠራር ነው እንጂ ለእኛ ሥራ አይሆንም። ለድግስ ምግብ የምታዘጋጅ ሴት በዓመት 12,000 ብር አላት እንበል። በየወሩ 1,000 ብር ከምትበትነው ሥራው መቼ እንደሆነ ትመልከት። የሠርግ ወር ጥር ነው፤ በዐቢይ ጾም በኦርቶዶክሱ ዘንድ ሠርግ አይደረግም፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጀመራል። ሰው ግን ድግስ አዘጋጅ የሚፈልገው በሠርጉ ሳምንት አይደለም፤ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ 3,000 ብር በኅዳር፣ 3,000 ብር በታኅሣሥ፣ 4,000 ብር ደግሞ በዐቢይ ጾም መገባደጃ ላይ ብታውለው፣ 2,000 ብሩን ብታስቀረው ይሻላል። ሥራ የጠፋበት ወር ማስታወቂያ የሚነገርበት ወር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሒና የምትቀቡና ለዒድ የምታዘጋጁ እህቶች ደግሞ በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ፣ የአምናውን ወር ሳይሆን የዘንድሮውን ቀን ይዛችሁ አስቡ። ልብስ ሰፊ ለዩኒፎርም በነሐሴ፣ ጣሪያና አሸንዳ የሚጠግን ክረምት ሳይገባ በግንቦት፣ ሶፋ አጣቢ ከፋሲካና ከእንቁጣጣሽ በፊት። ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ፤ ወረቀት ላይ አልጻፋችሁትም እንጂ።

ማቆሚያውንም አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ማስታወቂያው የመጨረሻ ቀን ካልተሰጠው ገንዘብ እስካገኘ ድረስ ይቀጥላል። በቀን ይህን ያህል ብላችሁ ብትወስኑም አንዳንድ ቀን ከዚያ በላይ ያወጣል፤ በሳምንቱ ድምር ነው የሚያስተካክለው። ስለዚህ ክፍያውን ለሚያስፈጽምላችሁ ሰው የወሰናችሁትን ብቻ ስጡ እንጂ ትርፍ ብር አታስቀምጡ። በቀን ከመወሰን ይልቅ ጠቅላላ በጀት ከመረጣችሁ ማስታወቂያው የሚታይበትን ሰዓትም መወሰን ይቻላል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ለሚታይ የፀጉር ቤት ማስታወቂያ የሚከፈል ገንዘብ የለንም።

ስልኩን ማንሳት ደግሞ የበጀቱ አንድ ክፍል ነው። ቅድም አንድ ጥሪ 60 ብር ነው ብለናል። እንግዲህ መሰላል ላይ ሆኖ፣ ወይም ኔትወርክ በሌለበት ምድር ቤት ሆኖ ሳይነሳ የቀረ ስልክ ሁሉ 60 ብር ነው። በቀን ሦስት ጥሪ የሚያልፈው ሰው 180 ብር መንገድ ላይ እየጣለ ይሄዳል። ማስታወቂያ በሚታይበት ሳምንት ስልኩን ረዳቱ ወይም ባለቤቱ ይያዙለት፤ ያልተነሳም ቢሆን በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልሶ ይደውል። የሚያነሳውም ሰው «ሄሎ» ብሎ ዝም አይበል፤ የሥራውን ስም ይጥራ፣ ሰፈሩን ይጠይቅ፣ የመነሻ ዋጋውን ይናገር፣ በመጨረሻም «ስልኬን ከየት አገኙት?» ብሎ መልሱን ይጻፍ። ይህችን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው የትኛው ማስታወቂያ እንደሠራለት መቼም አያውቅም።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱ

አንዲት እናት፦ «ልጄ አሜሪካ ነው ያለው። በእሱ ካርድ ይከፍልልኛል፤ ታዲያ ለእኔ ነፃ አይደለም ወይ?»

መልስ፦ እትዬ፣ ልጅዎን እግዚአብሔር ይስጠው። ነገር ግን ደብተርዎ ላይ በዕለቱ ምንዛሪ በብር ይጻፉት። 20 ዶላሩ የልጅ ላብ ነው፤ ገበያ ካላመጣ እሱኑ ገንዘብ ልኮልዎ አንድ ትልቅ ድስት ቢገዙበት ይሻል ነበር። ሲጻፍ ነው የሚታወቀው። ደግሞም ልጅዎ አንድ ወር ቢቸግረውና ባይከፍል፣ ሥራው በራሱ ገንዘብ ማስታወቂያውን መቻል አለመቻሉን አስቀድመው ያውቁታል።

አንድ ልብስ ሰፊ፦ «እኔ ሥራ ሞልቶኛል፤ እንዲያውም ቀጠሮ እያዛባሁ ነው። ግን ሁሉም እያስነገረ ዝም ብል አልረሳም ወይ?»

መልስ፦ በቀመሩ መሠረት የአንተ የቀረ ቦታ ዜሮ ነው፤ ዜሮ በ200 ብር ሲባዛ ያው ዜሮ ነው። ያንን ገንዘብ ቀጠሮ እንዳይዛባ ለሚረዳህ ልጅ ክፈለው። ሰው እንዳይረሳህ ከሆነ የሰፋኸውን ልብስ ደንበኛውን አስፈቅደህ ፎቶ አንስተህ በራስህ ገጽ በሳምንት አንድ ጊዜ ለጥፍ፤ ይህ ከኢንተርኔት ፓኬጅህ በቀር ወጪ የለውም።

ማሳሰቢያ፦ የደንበኛ መመዝገቢያው ቅጽ ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ ተለጥፏል። አምስት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ ከየት ሰማ፣ አሠራ ወይስ አላሠራም፣ ከወጪ በኋላ የቀረ ብር፣ ተመለሰ ወይ። ደብተር ላይ በማስመሪያ መገልበጥ ይበቃል።